የክት ብራውዘርና የዘወትር ብራውዘር፦ ካርድ ሳይበላን እንዴት እንምረጥ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ በቃ። ሰው የሚመጣው ግን ኮፒ ለማስደረግ ብቻ አይደለም። ፎርም የሚያስሞላ አለ። የልጁን ውጤት ማየት የሚፈልግ አለ። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «እስቲ እዪልኝ፣ ካርዴን ምን እየበላው ነው?» የሚልም አለ።

በቀደም አንዲት ጎረቤቴ መጡ። እኛ ብሎክ ምድር ቤት ላይ እንጀራ የሚሸጡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ የሳምንት ፓኬጅ ገዝቼ በሦስተኛው ቀን አለቀ። እኔ ዜና ከማንበብ ሌላ ምን አደረግኩ?» አሉኝ። ስልካቸውን ከፈትኩት። አራት ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የምንከፍትበት አፕ፣ ተደርድሯል። አንዱ ከስልኩ ጋር የመጣ ነው። አንዱ ክሮም ነው። አንዱን ልጃቸው ጭኖታል። አራተኛውን ማን እንደጫነው እሳቸውም አያውቁም። ሊንክ ሲነካ የሚከፈተው ደግሞ ያው ባለቤት አልባው ነው።

የእሳቸውን ስልክ ያስተካከልኩበትን መንገድ ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

መጀመሪያ አቋሜን ልናገር። «ምርጡ ብራውዘር የቱ ነው?» ስትሉኝ መልስ የለኝም። «ሁለት ያዙ» ግን እላለሁ። የክት ልብስና የዘወትር ልብስ እንዳለን ሁሉ፣ አንዱ ብራውዘር የክት ይሁን፤ ለባንክ፣ ለፎርም፣ ለፓስወርድ። ሌላው የዘወትር ይሁን፤ ለዜና፣ ለኳስ፣ ለምግብ አሠራር፣ ለወሬ። በክቱ ጭቃ ውስጥ አንገባም።

1. ስልካችሁን እወቁት

ሴቲንግ ግቡ፣ እስከ ታች ውረዱ፣ «አባውት ፎን» የሚለውን ንኩ። ሦስት ነገር ጻፉ፦ የአንድሮይዱን ቁጥር፣ ራሙን (ስልኩ ለጊዜው ሥራ የሚጠቀምበትን ሜሞሪ)፣ ባዶ የቀረውን ቦታ።

የአንድሮይዱ ቁጥር ምን ያደርጋል? ብራውዘር ሠሪዎች አሮጌ ስልክን ቀስ እያሉ ይተዉታል። ክሮም ለአንድሮይድ 7 አዲስ ቅጂ መላክ ያቆመው በ2023 መጨረሻ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያም ወዲህ ወለሉን ከፍ ማድረጉን አልተወም። አፕዴት የማያገኝ ብራውዘር ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ምንም የጎደለው አይመስልም። ነገር ግን አዲስ የተገኘ ቀዳዳ አይደፈንለትም። እንዲህ ባለ ስልክ ዜና አንብቡ። የባንክ ፓስወርድ ግን አታስገቡበት።

ራሙ 2 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ይጎተታል። ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ፎርም እየሞላችሁ ነው። የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ይላካል። ኮዱን ለማየት ወደ መልእክት ትሄዳላችሁ። ስትመለሱ ገጹ ከ«ሀ» ይጀምራል። ሁሉም ሰው ኔትወርኩን ይረግማል። ኔትወርኩ ግን ምንም አላደረገም። ራሙ ጠብቦት ስልኩ ራሱ ገጹን ከኋላ ዘግቶታል። የእኔ ዘዴ ቀላል ናት፦ ከገጹ አትውጡ። ኮዱ ሲመጣ ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ሳቡና እዚያው ኖቲፊኬሽኑ ላይ አንብቡት፤ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ላይ ግፉት። በዚህች ብቻ ስንት ሰው አርፏል።

ባዶ ቦታው ከአንድ ጊጋ በታች ከሆነ ደግሞ ሌላ ብራውዘር ከመጫናችሁ በፊት የቡድን ቪዲዮዎቹን ሰርዙ። ይህን እንኳ ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ።

2. በላተኛው ብራውዘሩ ራሱ መሆኑን አረጋግጡ

ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ዩሴጅ» የሚል አለ። በአንዳንድ ስልክ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ሥር ነው፣ በሌላው «ሲም» ሥር። ክፈቱት። አፖቹ በበሉት መጠን ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው ታገኛላችሁ።

ከላይ የተቀመጠው ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ከሆነ ብራውዘር መቀየር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ቪዲዮውን ቀንሱ፣ ወይም ጥራቱን ዝቅ አድርጉ፤ ይህን ጽሑፍም እዚህ ላይ ልትተዉት ትችላላችሁ። ቴሌግራም ከሆነ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ ዳውንሎድ ማድረጉን ከሴቲንጉ አጥፉ።

ከላይ ያለው ብራውዘር ከሆነ ግን እንቀጥል። ብራውዘሩን ክፈቱ፣ ሦስቷን ነጥብ ንኩ፣ ሂስትሪ ውስጥ ግቡ። ባለፈው ሳምንት ምን ምን ከፈታችሁ? ሂስትሪ አይዋሽም። የጎረቤቴን አብረን አየነው። እውነትም ዜና ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ግን አንዱን ዜና ከፍቼ ወደ ታች ሳወርደው መሃል ላይ ቪዲዮ በራሱ መጫወት ጀመረ። ድምፅ የለውም። ቀጥሎ የሚንቀሳቀስ ማስታወቂያ መጣ። ከዚያ ሌላ። እሳቸው ስድስት መስመር አነበቡ፤ ስልኩ ግን ድግስ አወረደ።

3. እጩዎቹን ተዋወቁ

ስማቸው ብዙ ነው፤ ዘራቸው ግን ጥቂት ነው። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ኦፔራና ሳምሰንግ ኢንተርኔት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናቲቱ ክሮሚየም ትባላለች። ፋየርፎክስ ከሌላ ቤት ነው፤ ሞተሩ፣ ማለትም ገጹን ስክሪን ላይ የሚያወጣው የውስጥ ክፍሉ፣ ጌኮ ይባላል። የአፕሉ ሳፋሪ ደግሞ ሦስተኛ ቤት ነው። ይህ ወሬ ለማሳመር አይደለም፣ ጥቅም አለው። አንድ ገጽ በክሮም እምቢ ካላችሁ በኤጅ መሞከር ወንድሙን መጠየቅ ነው። ፋየርፎክስን ጠይቁት።

ክሮም። ከ2008 ጀምሮ ያለ የጉግል ብራውዘር ነው። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ትልቁ ጥቅሙ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው በእሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ፎርሞች በክሮም ሳይንገጫገጩ ያልፋሉ። ለክት እጩነት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ድክመቱ? ራም ይወዳል። ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አይቀበልም፤ ስለዚህ ማስታወቂያ ማገጃ አትጭኑበትም። ድሮ «ላይት ሞድ» የሚባል ዳታ ቆጣቢ ነበረው። እስካሁን ሴቲንግ ውስጥ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። አትድከሙ፣ በ2022 ተነሥቷል።

ኦፔራ ሚኒ። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ኢንተርኔትን በኦፔራ ሚኒ የጀመረው ሰው ብዙ ነው። ኖርዌይ ተሠርቶ በ2006 ለዓለም ተለቀቀ። በዚያች ባለ ቁልፍ ኖኪያ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሲሆንብን፣ አድራሻው ላይ «ኦፔራ ኮንፊግ» ብለን ገብተን የቢትማፕ ፎንቱን «የስ» ስናደርገው ፊደሉ ብቅ ይል ነበር። ያን ቀን የተደሰተ ሰው ይመስክር።

እንዴት ነው ዳታ የሚቆጥበው? ከመርካቶ ዕቃ ታስመጣላችሁ እንበል። እንዳለ ቢጫን አንድ አይሱዙ ይሞላል። እዚያው ያለ ሰው ግን ካርቶኑን አውልቆ፣ ጨምቆ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ ይልክላችኋል። ኦፔራ ሚኒም እንደዚያ ነው። ገጹን መጀመሪያ የኩባንያው ትልቅ ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ይቀበለዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ትንሽ አድርጎ ወደ ስልካችሁ ይልከዋል። ኩባንያው እስከ 90 በመቶ ይቆጥባል ይላል። «እስከ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ጽሑፍ ላይ ጥሩ ይቆጥባል፣ ቪዲዮ ላይ ያን ያህል አትጠብቁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እዩት። ጠቅላዩ ሰው ዕቃውን አይቶታል። በተለይ «ኤክስትሪም» በሚለው ቁጠባ ገጹ የሚከፈተው በመሃል ባለው ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ የባንክ ገጽ በዚህ ሞድ መከፈት የለበትም። እኔ ለሰው የምነግረው በአንድ ቃል ነው፦ ለባንክ፣ በጭራሽ። ደግሞም ተንቀሳቃሽ ፎርሞች፣ ማለትም አንዱን ሳጥን ስትመርጡ ሌላው የሚቀየርባቸው፣ በኤክስትሪም ሊሰበሩ ይችላሉ። ለዘወትር ግን፣ ዳታው ጠብ እያለ ለሚገዛ ሰው፣ ዛሬም ወግ ያለው ምርጫ ነው።

ፋየርፎክስ። ሞዚላ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው ከጀርባው ያለው። የመጀመሪያው ቅጂ በ2004 ወጣ። ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን ይቀበላል፣ ነገሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ትጭኑበታላችሁ። አሠራሩ፦ ሦስቷን ነጥብ ንኩ፣ ኤክስቴንሽንስ ግቡ፣ ዩብሎክ ኦሪጅንን ፈልጉ፣ የመደመር ምልክቷን ንኩ። አለቀ። የታገደ ማስታወቂያ ከናካቴው አይወርድም፤ ያልወረደ ነገር ካርድ አይበላም። ገጹን በመሃል የሚከፍት ሰርቨርም የለም። ለዘወትር እኔ የምጠቀመው ይህን ነው። አልዋሽም፣ ደካማ ስልክ ላይ ሲከፈት ትንሽ ያዛጋል።

ብሬቭ። ማገጃው አብሮት ስለሚመጣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ኤክስቴንሽን የሚባል ነገር ለሚያስፈራው ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። መጀመሪያ ሲከፈት ስለ ሽልማትና ስለ ክሪፕቶ ያወራችኋል፤ ዝለሉት።

አይፎን የያዛችሁ፣ ብዙ አትጨነቁ። እኛ ሀገር አይፎን ላይ ያሉ ብራውዘሮች ሁሉ ከውስጥ የሚሠሩት በሳፋሪው ሞተር ነው። ክሮም ብትጭኑም ቀሚሱ ነው የተቀየረው። ሳፋሪውን ያዙ።

ኤጅን ላፕቶፕ ላይ አገኘዋለሁ፣ ወደ ታች ስንደርስ።

ከስልኩ ጋር የመጡና ስማቸው እምብዛም የማይታወቁ ብራውዘሮችስ? ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም። ግን ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚታያችሁ የፊልም ተዋናይ ወሬና «ስልክዎን ያጽዱ» ከሆነ፣ ያ ብራውዘር ሳይሆን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ለክት አይሆንም፤ ለዘወትርም አልመርጠውም።

4. ሁለቱን አወዳድሩ

ከላይ ካሉት ሁለት ለዘወትር መርጣችሁ ጫኑ። ለምሳሌ ኦፔራ ሚኒና ፋየርፎክስ። በዋይፋይ ጫኑ፣ ወይም የሌሊት ፓኬጅ ስትገዙ።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። የምታዘወትሩትን አምስት ገጽ አድራሻ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ዋይፋይ አጥፉ፣ ዳታ ክፈቱ። ዳታ ዩሴጅ ውስጥ ገብታችሁ የመጀመሪያው ብራውዘር እስካሁን ስንት ሜጋ እንደበላ ጻፉ። አምስቱን ገጽ ክፈቱ፣ እያንዳንዱን እስከ ታች አውርዱ። ተመልሳችሁ ቁጥሩን እዩ። ልዩነቱ የዚያ ብራውዘር ሂሳብ ነው። ወዲያው በሁለተኛው ብራውዘር ያንኑ አምስት ገጽ ድገሙ።

ሁለት ነገር እንዳያሳስታችሁ። አንደኛ፣ ገጹን ከዚህ በፊት የከፈተ ብራውዘር ፎቶዎቹን ካሽ ውስጥ ስላስቀመጠ የቆጠበ ይመስላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የሁለቱንም ካሽ አጽዱ፣ ወይም ሁለቱንም እንደተጫኑ ፈትኑ። ሁለተኛ፣ ፍጥነት የምታወዳድሩ ከሆነ በአንድ ሰዓት ይሁን። እኛ ሠፈር ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ያለው ኔትወርክና ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያለው አንድ አይደሉም። አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ፈትናችሁ «ይሄ ቀርፋፋ ነው» ብትሉ የፈረዳችሁት በብራውዘሩ ላይ አይደለም።

የክቱን ደግሞ በዳታ አትፈትኑት። የክቱ ፈተና ሌላ ነው። ረጅም ፎርም ያለበት ገጽ ክፈቱ። ቀን መምረጫው ይሠራል? ፎቶ መጫኛው ሲነካ ጋለሪው ይከፈታል? ፒዲኤፉ ይወርዳል? ሳትልኩ ውጡ።

ይህን የምላችሁ በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። አንድ ደንበኛ ፎርም ሊያስሞላ መጣ። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ፣ ለወራት አፕዴት ባላደረግኩት ብራውዘር ቁጭ አልኩና አራት ገጽ ሞላሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ሰብሚት» የሚለው ቁልፍ የለም። ወደ ላይ አልኩ፣ ወደ ታች አልኩ፣ የለም። ሰውየው በራፍ ላይ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ የቃሊቲን ሚኒባስ ያያል። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ። እኔም በዴስክቶፑ ከአንደኛው ገጽ ጀመርኩ። ጥፋቱ የኔው ነበር፤ ሂሳብም አልተቀበልኩም።

5. አማርኛውን ፈትኑ

ዛሬ ፊደላችን የማይታይበት ብራውዘር ማግኘት ይከብዳል፤ ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። አሁንም አንዳንድ አሮጌ ገጽ ስትከፍቱ በአማርኛ ፋንታ የተደበላለቀ የላቲን ፊደል ይመጣ ይሆናል። ያ የተጻፈው በድሮዎቹ የኮምፒውተር ፎንቶች ነው። ብራውዘር ብትለዋውጡ አይስተካከልም።

ገጽ ውስጥ ቃል መፈለግ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። «ፋይንድ ኢን ፔጅ» በሚለው «ሠራተኛ» ብላችሁ ብትፈልጉ፣ ገጹ ላይ «ሰራተኛ» ተብሎ ከተጻፈ አያገኘውም። ለእሱ ሠ እና ሰ፣ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንድ የሥራ ማስታወቂያ ውስጥ ስሟን የፈለገች ልጅ «የለሁበትም» ብላ ልትሄድ ስትል በሌላኛው ሐ ፈለግንላት፤ አለች። ስለዚህ ስም ስትፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ፣ ወይም ከስሙ መሃል የማያሻሙ ሁለት ፊደላት ብቻ ጻፉ።

እንግሊዝኛ ገጽ ወደ አማርኛ የሚገለብጥ ከፈለጋችሁ ክሮም ይቀድማል። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፣ ክሮምም በእሱ ይጠቀማል። ምንባብ ለመረዳት ይበቃል። ፎርም ግን ተተርጉሞ እንዳለ አትሙሉ። መጀመሪያ በአማርኛ አንብቡት፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው መልሱና ሙሉ።

6. ሹመቱን ስጡ

ሁለቱን ከመረጣችሁ በኋላ አንዱ ዲፎልት መሆን አለበት፤ ማለትም ሊንክ ሲነካ የሚከፈተው። ሰው ሁሉ ክሮምን ያደርጋል። እኔ የዘወትሩን አድርጉ እላለሁ። ምክንያቱም በቴሌግራም የሚላክላችሁ ሊንክ ሁሉ የሚከፈተው በዲፎልቱ ነው። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ሊንክ ፓስወርዳችሁ ባለበት ቤት ባይገባ ይሻላል። ወደ ባንክ ስትሄዱ ግን እጃችሁ አውቆ የክቱን ይከፍታል፣ አድራሻውንም ራሳችሁ ትጽፋላችሁ።

ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ፣ ብራውዘር አፕ። እዚያ ዝርዝሩ ይመጣል፤ የዘወትሩን ምረጡ።

አንድ ነገር ቀረ። ቴሌግራም ሊንኩን በራሱ ውስጥ ባለ ትንሽ ብራውዘር ሊከፍተው ይችላል፤ ያን ጊዜ የእናንተ ምርጫ አልተጠየቀም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ቻት ሴቲንግስ ግቡና «ኢን አፕ ብራውዘር» የሚለውን አጥፉት።

የቀሩትን ብራውዘሮች አስወግዱ። አንኢንስቶል የማይሉትን ከስልኩ ጋር የመጡትን «ዲሴብል» በሏቸው።

7. የክቱን አጥሩ፣ የዘወትሩን አቅልሉ

ኖቲፊኬሽን። ገጽ ስትከፍቱ «አላው?» (መልእክት እንድልክ ትፈቅዳላችሁ?) ብሎ የሚጠይቃችሁ አለ። ሰው ቶሎ ለመገላገል «አላው» ይላል። ከዚያ ሌሊት ሁሉ «ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል» እያለ ያንቋርራል። ጎረቤቴም ይህ ነበራቸው፣ ስልኩን ሊሸጡት ሁሉ አስበው ነበር። ቫይረስ አልነበረም። ክሮም ላይ ሦስቷ ነጥብ፣ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። አጥፉት። የተፈቀደላቸውም ካሉ እዚያው ዝርዝሩ ላይ ከልክሏቸው።

ፓስወርድ። ስልኩ የእናንተ ብቻ ከሆነና የስክሪን መቆለፊያ ካለው፣ ክቱ ብራውዘር ፓስወርድ ቢይዝላችሁ ደብተር ላይ ከመጻፍ ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ አድራሻው ከእውነተኛው በአንድ ፊደል የተለየ የማጭበርበሪያ ገጽ ሲሆን ፓስወርዱን አይሞላላችሁም። ያን ጊዜ ቆም ብላችሁ አድራሻውን አንብቡ። ስልኩ ግን የልጆች ጌም መጫወቻም ከሆነ ምንም አታስቀምጡበት።

ድሮ አድራሻው ጎን የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት ካለ «ገጹ ታማኝ ነው» ይባል ነበር። ቁልፉ መልእክቱ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ መሸፈኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ሌባም ቁልፍ ያደርጋል። ክሮም በ2023 ምልክቱን የቀየረው ሰው በዚህ ስለሚሳሳት ነው።

ለመንገድ የሚሆን። ክሮም ላይ ያገኛችሁትን ረጅም ጽሑፍ ሦስቷን ነጥብ ነክታችሁ ወደ ታች የምታመለክተውን ቀስት ብትጫኑ ገጹ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዱና ሚኒባስ ውስጥ አንብቡ። የቃሊቲ ሰልፍ ላይ ሦስት ጽሑፍ ይጨረሳል።

8. ላፕቶፕና የሰው ኮምፒውተር

ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካለ ኤጅ አብሮት አለ። እስከ 2020 ድረስ የራሱ ሞተር ነበረው፣ ከዚያ ክሮሚየም ሆነ። ስለዚህ ከክሮም ጋር ያለው ልዩነት ጸጉር ስንጠቃ ነው ማለት ይቻላል። የማልጠቀምባቸውን ታቦች ማስተኛቱን እወድለታለሁ፤ መብራት ሄዶ በባትሪ ስሠራ ይጠቅመኛል። ክሮምም «ሜሞሪ ሴቨር» የሚል አለው፣ ሴቲንግስ ውስጥ ፐርፎርማንስ ሥር።

ዊንዶውስ 7 ላይ የቀራችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ክሮምና ኤጅ እዚያ በ109ኛው ቅጂ ላይ፣ በ2023 ቆመዋል። ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር የሚባለውን ቅጂ ከእነሱ ዘግይቶም የደኅንነት አፕዴት ሲሰጠው ቆይቷል። ለንባብ እሱን ያዙ፣ ባንኩን ወደ ስልክ አዛውሩ።

እንደኔ ቤት ያለ ቦታ መጥታችሁ ኮምፒውተር ስትጠቀሙ ደግሞ ኢንኮግኒቶ ክፈቱ፤ ባርኔጣና መነጽር ያላት ምልክት ናት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን አንድ ላይ ሲጫኑ ትከፈታለች። ፋየርፎክስ ላይ በኤን ፋንታ ፒ ነው። መስኮቱን ስትዘጉት ሂስትሪው ከኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ከኢሜይላችሁም ያስወጣችኋል። ከኔትወርክ አቅራቢው ግን አይሰውራችሁም፣ ያወረዳችሁትንም ፋይል አይሰርዝም። ዳውንሎድ ፎልደሬ ውስጥ የስንት ሰው የትምህርት ማስረጃ ቀርቶ ማታ ማታ ስሰርዝ አመሻለሁ። ስትወጡ ፋይላችሁን ሰርዙ፣ ከሪሳይክል ቢንም አጥፉ።

የጎረቤቴ ስልክ በመጨረሻ ሁለት ብራውዘር ቀረው። ለዘወትር ፋየርፎክስ ከነማገጃው፣ ለክት ክሮም። ኦፔራ ሚኒን አልመረጡም፤ «ፎቶው ይደበዝዝብኛል» አሉ። የክሮምን ምልክት ለብቻው ሁለተኛው ስክሪን ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ ሳያስቡ እንዳይነኩት። ዕለቱን አዲስ የሳምንት ፓኬጅ ገዙ። ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፤ ጠዋት በባንኮኒው ሲያልፉ «አለ ገና!» ብለውኝ ሄደዋል።